ከኋላ የሚሮጡ

በአገራችን ስለ ሩጫ ሲወሳ የሚወሳው ስለ አሸናፊው ነው። አበበ ቢቂላ፣ ማሞ ወልዴ፣ ምሩፅ ይፍጠር፣ ደራርቱ ቱሉ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፣ ቀነኒሳ በቀለ ሲባል ደስ የማይለው ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ኩራቱም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከኩራቱ ጀርባ ሳይጠየቅ የሚታለፍ አንድ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ እነዚህን ጀግኖች ያፈራን እኛ ራሳችን እንሮጣለን ወይስ ሲሮጡልን ቆመን እናጨበጭባለን? ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው። የማቀርበውም የባለሙያ ትንታኔ አይደለም፤ በሁለት ታላላቅ ከተሞች ማራቶን ከኋላ ከኋላ ሮጦ የጨረሰ የአንድ መምህር ገጠመኝ ነው።

መሮጥ የጀመርሁት ዐርባኛ ዓመቴን ካለፍሁ በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታት በጠመኔ አቧራ መካከል ቆሜ ሳስተምር የኖርሁ፣ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ የሚያጥረኝ ሰው ነበርሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ጃን ሜዳ ስሮጥ ያዩኝ አንዲት አዛውንት ጎረቤቴ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ከበራቸው ብቅ አሉና፣ «ምነው መምህር፣ ደኅና አይደለም እንዴ? ማን ሞተብን?» ሲሉ በድንጋጤ ጠየቁኝ። ማንም እንዳልሞተ፣ ለጤናዬ ብዬ እንደምሮጥ ስነግራቸው እፎይ አሉና፣ «ታዲያ ሰው ሳያባርሩት ይሮጣል?» አሉ። በእሳቸው አልፈርድም። በእኛ ዘንድ ዕድሜው የገፋ፣ ያውም የተከበረ ሰው ረጋ ብሎ ይራመዳል እንጂ አይሮጥም። የሚሮጥ ሰው ወይ መርዶ ሰምቷል፣ ወይ አባረውታል፣ ወይም አበበ ቢቂላ ነው። ከሦስቱ ወገን ያልሆነ ሯጭ በሐሳባችን ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ይህ ቦታ መገኘት የጀመረው ኅዳር 1994 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተከፈተው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነበር፤ ከእርሱ ኋላ ግን ዐሥር ሺህ ያህል ሕዝብ ይሮጥ ነበር። እኔ ከዓመታት በኋላ ስካፈል፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሰው ሕዝብ ከመስቀል አደባባይ እንደ ክረምት ጎርፍ ሲነሣ በመካከሉ ተገኘሁ። ወጣቱ እየጨፈረ ይሮጣል፤ አባት ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ይራመዳል፤ የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች እየተጠባበቁ ይጓዛሉ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ዐሥር ኪሎ ሜትር መሮጥ ለሳንባ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ሳላሸንፍ መሮጥ እንደምችል፣ ማንም እንደማይስቅብኝ ያወቅሁት በዚያ እሑድ ነው።

ማራቶን ግን ከዚህ ይለያል። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የሆነው ርቀት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሮጠው እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን ኦሎምፒክ ሲሆን፣ መደበኛ ልኬት ሆኖ የጸናው በ1921 ነው። ለረጅም ዘመን የጥቂት ብርቱ ሰዎች ሥራ ሆኖ ኖሯል። አበበ በሮም ባሸነፈበት ውድድር የተሰለፉት ሯጮች 69 ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1970 የኒው ዮርክ ማራቶን ሲጀመር በአንድ መናፈሻ ውስጥ እየዞሩ ከተወዳደሩት 127 ሯጮች መካከል የጨረሱት 55 ናቸው። በ1976 ውድድሩ ከመናፈሻው ወጥቶ አምስቱንም የከተማዋን ክፍሎች እንዲያቋርጥ ተደረገ። የበርሊን ማራቶንም በ1974 ከከተማዋ ዳር ካለ ጫካ 286 ሯጮች ይዞ ተነሣ፤ በ1981 ወደ ከተማዋ መካከል ገባ፤ በ1990፣ ሁለቱ ጀርመኖች ሊዋሐዱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ በብራንደንቡርግ በር ሥር አልፎ የተከፈለችውን ከተማ ሁለቱንም ወገን ረገጠ። ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ማራቶን ወደ ከተማ ሲገባ ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ የብዙኃን መሆኑ ነው። በእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ በሚካሄድበት ሜዳ፣ በዚያው ሰዓት፣ ተራ ሰው ገብቶ ኳስ ሊለጋ አይችልም። በከተማ ማራቶን ግን የዓለሙ ታላቅ ሯጭና የሰፈሩ መምህር በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ይሮጣሉ።

ለትምህርት ጀርመን አገር በቆየሁበት ጊዜ ስሜ በዕጣ ወጥቶ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶን ተሰለፍሁ። ሯጮቹ ከ40 ሺህ በላይ ስለሆኑ የሚነሡት በተራ ነው፤ ፈጣኖቹ ከፊት፣ እንደኔ ያሉት በመጨረሻ። የመነሻውን መሥመር ስረግጥ ቀነኒሳ በቀለ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ሄዶ ነበር። ዐሥራ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ስደርስ፣ በራሴ ላይ ያሰርሁትን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ጨርቅ ያዩ አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ ዳር ሁለት እጃቸውን አንሥተው፣ ኢትዮጵያ አንደኛ መውጣቷን በጀርመንኛ ጮኸው ነገሩኝ። ቀነኒሳ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሴኮንድ ጨርሶ፣ በጊዜው ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሴኮንድ ብቻ ዘግይቶ ነበር። ብርሃኑ ለገሠ ሁለተኛ፣ ሲሳይ ለማ ሦስተኛ፣ በሴቶችም አሸቴ በከሪ አንደኛ መውጣታቸውን የሰማሁት በኋላ ነው። በዚያች ሰዓት የተሰማኝ አንድ ነገር ነው። እርሱ ጨርሶ ሲያርፍ ለእኔ 27 ኪሎ ሜትር ቀርቶኛል፤ መንገዳችን ግን አንድ ነው።

ከሠላሳኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ያለው የተለየ ዓለም ነው። በጡንቻና በጉበት የተከማቸው የስኳር ስንቅ እየነጠፈ ይሄዳል፤ ሰውነት ወደ ስቡ ፊቱን ቢያዞርም ከስብ የሚገኘው ኃይል ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ባቴ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ዝናቡም ይወርድ ነበር። ሐሳቤ ሁሉ ጠብቦ ጠብቦ፣ ከፊቴ ያለውን አንድ የመብራት ግንድ አልፎ የማይሄድ ሆነ። በዚህ መካከል ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሴት ከጎኔ ደረሱና ከኪሳቸው ግማሽ ሙዝ አውጥተው ሰጡኝ። በቋንቋ አልተግባባንም። አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ጎን ለጎን ሮጥን፤ ከዚያም እጃቸውን አወዛውዘውልኝ ቀደሙኝ። በብራንደንቡርግ በር አልፌ የመድረሻውን መሥመር ስረግጥ ከተነሣሁ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሆኖኝ ነበር።

ካየሁት ሁሉ ይበልጥ ያስገረመኝ የተመልካቹ ነገር ነው። አሸናፊዎቹ ካለፉ ሰዓታት ተቆጥረዋል፤ ዝናቡ አላባራም፤ ሕዝቡ ግን በመንገድ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል። ለማን? ለምን? ድል ለማየት እንዳልቆመ ግልጽ ነው። ዳር ከቆሙት ብዙዎቹ አምና የሮጡ ወይም ለከርሞ ሊሮጡ ያሰቡ መሆናቸውን ስረዳ ጭብጨባው ገባኝ። የሚያጨበጭቡት ለሚያውቁት ድካም ነው።

ወደ አውሮፓ በሥራ ምክንያት ተመልሼ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሮምን ማራቶን ለመሮጥ ስበቃ፣ በዋዜማው አበበ የሮጠበትን የመጨረሻ መንገድ በእግሬ ተከተልሁ። ያ ውድድር የተካሄደው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ በእኛ አቆጣጠር በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። በጥንታዊው የአፒያ ጎዳና ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ትከሻ ለትከሻ መጥቶ፣ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ፣ የፋሽስት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ወስዶ ባቆመው በአክሱም ሐውልት አካባቢ ተስፈንጥሮ ወጣ። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገባ። እኔ በቦታው ስደርስ ሐውልቱ የለም፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም ቆሟል። ወሰዱት፣ አበበ በአጠገቡ አለፈ፣ ሐውልቱም ቤቱ ገባ እያልሁ ብዙ ቆምሁ።

በማግሥቱ በኮሎሲየም አጠገብ ካለው ጎዳና ተነሣን። የሮም አሮጌ መንገዶች በጥቃቅን ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። ከሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ አድርጌ ሳለሁ እያንዳንዱ ድንጋይ እስከ ጉልበቴ ይሰማኝ ጀመር። አበበን ያገኘሁት በዚያን ጊዜ ነው። በትምህርት ቤት ሁላችንም የምናውቀው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባዶ እግሩን ሮጦ አሸነፈ። ዐረፍተ ነገሩ እውነት ነው፤ ሕመም ግን የለበትም። ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር የደከመበትን ልምምድ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በቶኪዮ ዳግመኛ ያሸነፈበትን ጽናት አይናገርም። ተአምር ስንለው ድካሙን እንነጥቀዋለን። እ.ኤ.አ. በ2010፣ የድሉ ኀምሳኛ ዓመት ሲታሰብ፣ የሮምን ማራቶን ያሸነፈው ሲራጅ ገና በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ጫማውን አውልቆ በባዶ እግሩ ገባ። ያ ድርጊት ልጅ ለአባቱ ያቀረበው ሰላምታ መሆኑን በዚያ ድንጋይ ላይ እግሬ ነገረኝ።

ይህ ነገር ለሩጫ ብቻ የሚሠራ አይመስለኝም። ክራር ሊቃኝ ሲታገል ጣቱ የቆሰለ ሰው ካሳ ተሰማን የሚያደምጥበት ጆሮ ሌላ ነው። አንድ ስንኝ ለመቋጠር ሌሊቱን የነጋበት ሰው ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሲያነብ፣ ሌላው አንባቢ የማያየውን ያያል። ሞካሪ የሌለበት ጥበብ አዋቂ ተመልካች የለውም። አዋቂ ተመልካች የሌለው ጥበበኛም፣ ጭብጨባው ቢደምቅለት እንኳ፣ ብቸኛ ነው።

ይህ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው የሚል ይኖራል። አስተያየቱ ሊናቅ አይገባም። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ ለምትወርድ እናት ሩጥ ሩጪ ብሎ መምከር ነውር ነው፤ እርሷ ሰውነቷን ከማናችንም በላይ ታውቀዋለች። ነገሬ ከወንበር ለማንነሣው ነው፤ ለእኛ ለመምህራን፣ ለቢሮ ሠራተኞች፣ ለጥበብ ሰዎች። ደግሞም ለልጆቻችን ነው። ልጅ የሚሮጥበት ሜዳ በሰፈሩ ከሌለ፣ የነገው ቀነኒሳ ብቻ ሳይሆን ቀነኒሳን የሚያውቀው ተመልካችም አይኖርም።

አሁን በማስተምርበት ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ተማሪዎችና መምህራን አብረን እንሮጣለን። የምንሮጠው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሜዳሊያ የለውም። ደንባችን አንድ ነው። ቀድሞ የጨረሰ ማንም ቢሆን የመጨረሻው ሰው እስኪደርስ ድረስ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቀው የእኔ መድረስ ነው።