ቀለህ የሚቆጥሩ ሰዎች

እኛ የከተማ ልጆች ጥይትን የምናውቀው አንድም በፊልም፣ አንድም በአራድኛ ነው። ጎበዝ ተማሪ ስናይ «ልጁ ጥይት ነው» እንላለን። የጋዜጠኝነት ዲግሪያችንን ስንቀበልም «የተኩስ ልውውጥ ተካሄደ» ብሎ መጻፍ ተምረናል እንጂ፣ አንዲት ጥይት ከምን እንደምትሠራ የነገረን አልነበረም።

እናላችሁ፣ የነገረን ቴክሳስ የሚኖረው የአክስታችን ልጅ ነው። ጎረቤቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለአደን ጠመንጃው ጥይት ይሞላል አለን። ሳቅንበት። እሱ ግን የምሩን ነበር። እዚያ አገር ለራስ የሚሆን ጥይት ቤት ውስጥ መሙላት የተፈቀደ ነው፤ ብዙ አዳኞችና ዒላማ ተኳሾች ትርፍ ጊዜያቸውን ያሳልፉበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥይት አራት ነገር ናት፦ የነሐስ ቀለህ፣ ቂጧ ላይ ያለችው ተቀጣጣይ ቆብ፣ ባሩድ እና አረር። ሲተኮስ ቆቧ ትመታለች፣ ባሩዱ ይነዳል፣ አረሩ ይሄዳል። ለሌላ ቀን የሚተርፈው ቀለሁ ብቻ ነው። ሰውየው ቀለሁን ይለቅማል፣ በእሳቱ የተለጠጠውን ወደ ልኩ ይመልሳል፣ ባሩዱን በሚዛን ይለካል። መለኪያው ግሬን ይባላል፤ 1 ግራም ከ15 ግሬን ይበልጣል። ታዲያ በዚያ ሰዓት ስልክ አያነሳም፣ ሬዲዮም አይከፍትም። ሐሳቡ ተከፍሎ ባሩዱን ደግሞ ከጨመረ፣ ጠመንጃው የሚፈነዳው የራሱ ፊት ላይ ነዋ!

ጥይት መቁጠር ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው፤ ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ። የውጅግራ ጥይት በዚያ ዘመን ገበያ ላይ ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። ያኔ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የተኮሰ ሰው ብሩን ወደ ሰማይ በተነ ማለት ነው። ቢያንስ ዋጋውን ያውቀዋል።

የእኛ ዘመን ግን ዋጋውን ረሳው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ አብራን የምትማር አንዲት ልጅ ስልክ በመዘጋቱ የእናቷን ድምፅ ሳትሰማ ወራት አለፉ። ማታ ማታ ስልኳን ትደውላለች፤ አይሠራም። እዚያው ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው ካፌ ውስጥ ግን ማኪያቶውን እየጠጣ «በለው!» የሚል አይጠፋም ነበር። ካፌ ተቀምጦ ለሚተኩስ ሰው ጠመንጃው ፊቱ ላይ አይፈነዳም። የሚፈነዳው የሰው ልጅ ላይ ነው።

እኛ ጥይት የመሙላት ሐሳብ የለንም። የሰውዬውን ሚዛን ግን ተመኝተናል። እናም ተስማምተናል፦ «የተኩስ ልውውጥ» ብለን ከመጻፋችን በፊት ስንት ሰው፣ የት፣ የማን ልጅ ብለን እንጠይቃለን። መልሱ ካልተገኘ ደግሞ እስኪገኝ እንደውላለን።

ቸር ያሰንብተን።