ዋካው በፊታችን አለፈ

ከቱርሚ ተነስቶ በኤርቦሬና በወይጦ ወደ አርባ ምንጭ የሚወጣ ሰው ኮንሶን ሳይረግጥ አያልፍም። ስንት ጊዜ አለፍን? የኮንሶ ከተማ ካራት ላይ ሻይ ጠጣን፣ ጎማ አስነፋን፣ ሄድን። ዋካዎቹ በየመቃብራቸው ላይ ቆመው ነበር። አብዛኞቻችን አላየናቸውም። ያየናቸውም እንጨት ነው ብለን አለፍን።

እንጨት! ዋካ የጀግና መቃብር ላይ የሚተከል ምስል ነው። ብቻውንም አይቆምም። ጀግናው መሃል ላይ ነው፣ ግንባሩ ላይ ከላቻ የሚባለው ጌጥ አለው። ሚስቶቹ ከግራና ከቀኝ፣ የገደለው ጠላትና የጣለው አውሬ ደግሞ ከአጠገቡ። ማን ነበር? ማንን አገባ? ምን ሠራ? ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ ቆሞ ያነበዋል። አንዱን ከረድፉ የነቀልክ ቀን ታሪኩ ተቆረጠ።

ሌቦች ነቀሏቸው። ሸጧቸው። ባሕር ማዶ ባለ ሳሎን ውስጥ ጌጥ ሆኑ። ሌባውን መርገም ቀላል ነው። እኛስ የት ነበርን? የጫነው ሾፌር የማን ልጅ ነው? ገዥውን ከሻጩ ያገናኘው የማን ወንድም ነው? የአያቱን ዋካ ጣዖት ነው ብሎ ፊቱን ያዞረው ማን ነው? እኛው ነን!

ለመሆኑ ምን ይጠይቀን ነበር? አንድ ደብተር። አንድ ካሜራ። እያንዳንዱን መቃብር ከነዋካው ፎቶ ማንሳት፣ የሟቹን ስም ከሽማግሌዎቹ አፍ መጻፍ። ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ስሙንም ያውቁት ነበር። ጠያቂ አጡ እንጂ! እኛ ነገ እንደርሳለን አልን። እነሱ ግን አንድ በአንድ አለፉ፣ ስሙንም ይዘውት ሄዱ። ሕግ አልነበረም እንዳንል የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በእጃችን ነበር። በ2003 ዓ.ም. ዩኔስኮ የኮንሶን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ይህ የቀብር ሥርዓት ሊጠፋ ጫፍ ላይ መድረሱን አብሮ ጻፈ። እኛ ስለ ምዝገባው ጨፈርን። የቀረውን አላነበብንም።

ካራት ያለው ሙዚየም ገብታችሁ ከዘራፊ እጅ የተያዙትን ዋካዎች እዩ። እግራቸውን እዩት፤ አፈር ውስጥ ተተክሎ የኖረበት ቦታ ተበልቷል። ጀግናው ግድግዳ ተደግፏል። ሚስቱ የት ናት? የገደለው ነብርስ?

ዛሬም መቃብራቸው ላይ የቆሙ ዋካዎች አሉ። ስማቸውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችም አሉ። በዚያ መንገድ የምታልፉ፣ መኪናውን አቁሙና ጠይቋቸው።