ትእዛዝ በጽሑፍ ይሁን

በዲላ ከተማ ኮንቴይነር የሚለው ቃል ሲነሣ አስቀድሞ በሰው ሐሳብ የሚመጣው ቡና ነው። የጌዴኦ ቡና ተፈልፍሎ፥ ታጥቦና ተለቅሞ በመጨረሻ ከጅቡቲ ወደብ ባሕር የሚሻገረው በዚያ የብረት ሣጥን ውስጥ ሆኖ ነውና። የሣጥኑም ታሪክ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ የአሜሪካ የጭነት መኪና ባለሀብት፥ አይዲያል ኤክስ በምትባል መርከብ 58 ኮንቴይነሮች ከኒውአርክ ወደ ሂዩስተን ላከ። ኋላም የሣጥኑ ልክ በዓለም ዙሪያ አንድ ስለ ሆነ፥ ክሬኑም መኪናውም በውስጡ ያለው ቡና ይሁን ጨርቅ ሳይጠይቅ ያነሣዋል።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ሌላ ኮንቴይነር ነው፤ ይኸውም የኮምፒዩተር ፕሮግራም ስለሚታሸግበት ነው። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ትምህርት አስተምራለሁ። አንድ ተማሪ ሌሊቱን ደክሞ የሠራው ፕሮግራም በማግሥቱ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ እምቢ ሲለው ፊቱ ይጠቁራል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የልጁ አይደለም፤ በአንዱ ማሽን ላይ የተጫነው የፓይተን ዕትም ከሌላው ስለሚለይ ነው። ልጁ ግን «እኔ ለዚህ ነገር አልተፈጠርሁም» ብሎ ይደመድማል። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ድምዳሜ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሰሎሞን ሃይክስና ባልደረቦቹ ዶከር የተባለውን መሣሪያ ለሕዝብ ክፍት አደረጉ። ዶከር ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር አንድ ላይ ያሽገዋል። የታሸገው ዋና ቅጅ ኢሜጅ ይባላል፤ ነገሩ እንደ ማኅተም ነው። አንዱ ማኅተም በብዙ ወረቀት ላይ እንደሚያርፍ፥ ከአንዱ ኢሜጅም ብዙ ኮንቴይነሮች ይወጣሉ፤ ማኅተሙ ግን አይለወጥም።

«ይህን ሁሉ አሮጌው ኮምፒዩተር ይችለዋልን?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር አስቡ። እንሰቱ፥ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ በአንድ መሬት ላይ ይኖራሉ፤ ለእያንዳንዱ ልዩ መሬት አይገዛለትም። ኮንቴይነሮችም እንዲሁ ከርነል የተባለውን የሊኑክስን እምብርት በጋራ ይጠቀማሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ሙሉ ስርዓት ይዞ ከሚኖርበት ከቀድሞው ዘዴ ይልቅ ሸክሙ የቀለለ ነው።

እንግዲህ ብዙዎችን የሚያስፈራው ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት ነው። ቃሎቹ በላቲን ፊደል ይጻፉ እንጂ ቁጥራቸው ጥቂት ነው። «ዶከር ራን» ኮንቴይነሩን ያስነሣል፤ «ዶከር ስቶፕ» ያቆመዋል፤ «ዶከር ሎግስ» ሲሠራ የተናገረውን ያሳያል። «ዶከር ፒኤስ» በሥራ ላይ ያሉትን ብቻ ይዘረዝራል። የቆመው ኮንቴይነር በዚህ ዝርዝር ባይታይም አልጠፋም፤ ከጠረጴዛ ተነሥቶ መዝገብ ቤት እንደ ገባ ፋይል ነው። ጭረትና ኤ የተባለችውን ፊደል ቢጨምሩበት ብቅ ይላል። «ዶከር አርኤም» ግን ኮንቴይነሩን ፈጽሞ ያስወግደዋል፤ በውስጡ የተጻፈውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ሊጠበቅ የሚገባው መረጃ ቮልዩም በተባለው በውጭ ባለ ማስቀመጫ ይደረጋል። ይህን አስቀድሞ ያላወቀ ሰው የወር ድካሙን በአንድ መስመር ሊያጣ ይችላል።

በአይጥ መጫንን የለመደ ሰው «ይህ ሁሉ መጻፍ ለምን?» ይል ይሆናል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። በቃል የተሰጠ ትእዛዝ ይካዳል፤ በጽሑፍ የተሰጠ ግን ከነቀኑ ይገኛል። በአይጥ የሠሩትን ለጓደኛ ማስረዳት ያስቸግራል፤ የጻፉትን መስመር ግን በደብተር ገልብጦ መስጠት ይቻላል። መብራት ሄዶ ቢመጣ፥ ማሽኑም ቢለወጥ፥ ሥራው ከዚያው ደብተር እንደገና ይነሣል።

የኢንተርኔት መስመር ቀርፋፋ በሆነበት አገር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። አልፓይን የሚባለው ኢሜጅ 10 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ከፍ ያለውንም ቢሆን አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወረደ፥ «ዶከር ሴቭ» ብሎ በፋይል ያወጣውና በፍላሽ ይዞት ይሄዳል። ዶከር በተጫነበት በሌላው ኮምፒዩተር ላይ «ዶከር ሎድ» ሲል፥ የፕሮሰሰሩ ዓይነት አንድ እስከ ሆነ ድረስ፥ ያለ ኢንተርኔት ይገባል። በዚህ ዓይነት የአንዱ ድካም ለሠላሳ ይተርፋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ ማሽናችን አሮጌ መሆኑ፥ መስመራችንም መቆራረጡ እውነት ነው። ነገር ግን በጥቁሩ መስኮት ላይ የዲላው ልጅና የለንደኑ መሐንዲስ የሚጽፉት ቃል አንድ ነው፤ መልሱም አንድ ነው። እንግዲህ ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ በቀን አንዲት ትእዛዝ ጻፉ፤ ከጎኗም ምን እንደምትሠራ በአማርኛ አስፍሩ። «አልተፈጠርሁም» ያለውም ተማሪ ደብተሩን ገልጦ ያን መስመር አንድ ጊዜ ይሞክረው።