አጃቢ ጎማ

መቼም ጎማ የሚገዛ ሰው ስታዩ አራት ሲገዛ ነው። አምስት ሲገዛ ያየ ካለ ይንገረኝ። አራቱ አዲሶች ይገጠማሉ፤ ከወጡት አሮጌዎች መካከል «ይኼ እንኳን ትንሽ ይሻላል» የተባለው ተመርጦ ስኮርት ጎማ ሆኖ ይሾማል። ሹመት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል! ትናንት «ከእንግዲህ አያገለግልም» ተብሎ የተሰናበተ ጎማ፣ ዛሬ ክፉ ቀን ሲመጣ ይደርስልናል ተብሎ ተስፋ ይጣልበታል።

ቃሉ ራሱ ይህን አይፈቅድም። እንደ ጎማ፣ እንደ ክሪክ፣ እንደ ከመነዳሪ ሁሉ «ስኮርት»ንም የወሰድነው ከጣልያን ነው። «ስኮርታ» በጣልያንኛ ሁለት ነገር ነው፤ አንድም አጃቢ፣ አንድም ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ስንቅ። እስቲ አስቡት፤ ንጉሥ አጃቢውን ሲመርጥ ከጭፍራው መሀል ዐይኑ የደከመውንና ጉልበቱ የከዳውን ነው እንዴ የሚመርጠው?

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ነገር ብዙም አያሳስብም። ጎማ ቢተነፍስ ትንሽ ሳይሄዱ አሮጌ ጎማ ያንጠለጠለ ጎሚስታ ይገኛል። የስኮርት ጎማ ቁም ነገር የሚገባው ጣርማ በር ላይ ነው።

ወደ ደሴ ሲኬድ፣ ደብረ ብርሃንን ካለፉ በኋላ አገሩ ገብስና በግ፣ ሜዳና ብርድ ነው። ከዚያ ድንገት ምድር ያልቃል። ጣልያኖች በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የፈለፈሉት ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ከዋሻው ማዶ ቁልቁለቱ ነው፤ መጀመሪያ ደብረ ሲና፣ ቀጥሎ አርማንያ፣ ከዚያ የይፋት ቆላ። ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ወርዷል፤ ጋቢው ይወልቃል፣ ኮቱም ይከተላል።

ለመኪና ይህ ቀልድ አይደለም። ሲወርድ ፍሬኑን ሙጥኝ ካለ፣ የፍሬኑ ግለት ወደ ቸርኬው፣ ከቸርኬውም ወደ ጎማው ይሻገራል። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ወደው አይደለም። ሲወጣ ደግሞ ክብደቱ ወደ ኋላ ይጫናል፤ ዳገቱ መሀል ከቆሙም ፈጥኖ ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያስገባ ረዳት የግድ ነው።

በጥቅምት 1996 ዓ.ም. ለርቀት ትምህርት ተማሪዎች ሥነ ጽሑፍ ላስተምር ሸዋ ሮቢት ወርጄ ነበር። ስመለስ በአንድ መሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ተሳፈርኩ። ከከተማው ሳንወጣ፣ ወባ ያቃጠለው ልጅ ያዘለች እናት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ውሰጂው መባሏን ለሾፌሩ ነገረችው። እሱም አንድ ቃል ሳይመልስ በሩን ከፈተላት። አርማንያን አልፈን ዳገቱን እንደያዝን የኋላው ጎማ ፈነዳ።

ስኮርት ጎማው የተሰቀለው ከመኪናው ሆድ ሥር ነው። ሌባ እንዳይወስደው ጓጉንቸር ገብቶበታል። የጓጉንቸሩ ቁልፍ ንብረት ክፍል ነው፤ ንብረት ክፍሉ አዲስ አበባ ነው። በድንጋይ ሰበርነው። ማውረጃው ሰንሰለት በጭቃና በዝገት ደርቋል፤ ታግለን አወረድነው። ጎማው መሬት ሲነካ እንደ ቂጣ ተዘረጋ። ሊሾ ሆኗል፤ ነፋስ የሚባል ነገርም የለው። «እኔ ከተረከብኩት ጀምሮ ወርዶ አያውቅም» አለ ሾፌሩ። በወረቀት ግን አለ። «ስኮርት ጎማ፦ 1» ተብሎ በርክክብ ቅጹ ላይ ተፈርሞበታል።

መሸ። ጉሙም ወረደ። እናቲቱ አላለቀሰችም፣ አልጠየቀችም፤ ልጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገብታ መንገዱን ታያለች። ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መጣ። አይሱዙን በፍጥነቱ የተነሳ «አልቃይዳ» ብለን ስም ያወጣንለት በእነዚያ ዓመታት ነው። አልቃይዳው ቆመ። ረዳቱ ማንም ሳያዘው ዘሎ ታኮ አስገባ። ሾፌሩ ጎማችንን አየ፤ 7.50-16። የእሱም 7.50-16። ደስታችን ብዙ አልቆየም፤ የሁለቱም ቸርኬ ባለ 6 ቡሎን ሆኖ ሳለ የቀዳዳዎቹ ክብ ግን አይገናኝም። ጎማውን ከቸርኬ ወደ ቸርኬ ማዛወር ይቻላል፤ ግን ሰዓት ይፈልጋል። ልጁ ሰዓት አልነበረውም።

«ነይ እህቴ፣ ጋቢና ግቢ» አላት። ረዳቱ ቦታውን ለቆላት ሽንኩርቱ ላይ ወጣ፤ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ሌሊት። ለእኛ አንድ ከመነዳሪና የእጅ መንፊያውን ትተውልን፣ ደብረ ብርሃን የትኛው ጎሚስታ ጋ እንደምናስቀምጥላቸው ነግረውን ሄዱ። ስማችንን እንኳን አልጠየቁም። ያንኑ ሊሾ በእነሱ ከመነዳሪ ነፍስ ዘርተንበት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ደብረ ብርሃን ስንገባ፣ ልጁ መድኃኒት ጀምሮ ተኝቶ ነበር።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «አይ ያገሬ ሰው!» ይላል። እውነት ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። የሽንኩርት ጫኙ ደግነት የመሥሪያ ቤቱን ቸልተኝነት ሸፈነው። ልጁ ስለተረፈ ማንም አልተጠየቀም፤ ቅጹም በዓመቱ «ስኮርት ጎማ፦ 1» ተብሎ እንደገና ሳይፈረም አይቀርም። ሰው ለሰው መድኃኒት መሆኑ መልካም ነው፤ የአንዱ ደግነት የሌላው የዓመት በጀት ሲሆን ግን ያስፈራል።

መፍትሔ ፍለጋ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልግም። ይፋት የማሽላ አገር ነው። የማሽላ ገበሬ ለዘር የሚያስቀምጠውን ከተረፈው ላይ አያነሳም። አጨዳ ሳይጀመር ማሳው ውስጥ ይዞርና ከዛላዎቹ ሁሉ የሞላውን፣ ያማረውን ይመርጣል። ያንን ለብቻው አስሮ ከምድጃው በላይ ይሰቅለዋል፤ ጢሱ ከነቀዝ ይጠብቅለታል። የሚበላው ቀሪውን ነው። መኪናው ያለን እኛ ግን ምርጡን ተጭነንበት፣ ግርዱን ለክፉ ቀን እናስቀምጣለን።

አገርም የገበሬውን ጥበብ የያዘችበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ላይ የዘር ባንክ ተቋቁሟል። ባንኩን ለዓመታት የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ የአገሪቱን የዘር ሀብት ለመጠበቅ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ይኼ እንግዲህ የአገር ስኮርት ጎማ ነው።

ወደ መኪናው ስንመለስ፣ ገበሬው ቢመርጥ እንዲህ የሚመርጥ ይመስለኛል። መጀመሪያ ልኩ ከአራቱ ጋር አንድ ይሁን፤ በአራቱም ጎማ ለሚጎትት መኪና ቁመቱ የተለየ ጎማ ዲፈረንሻሉን ያሰቃያል። ቀጥሎ ዕድሜው ይታይ። ጎማው ጎን ላይ የታተሙት 4 አኃዞች ልደቱ ናቸው፤ 3118 ማለት እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ31ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፤ ብዙ አምራቾችም 10 ዓመት ካለፈው ስኮርቱንም ቢሆን ጣሉት ይላሉ።

ማስቀመጫውም ያው ፈተና ነው። ከሥር ከተሰቀለ ክብደቱ ወደ መሬት ይቀርባል፤ ነገር ግን ጭቃና ዝገት ይወርሱታል። ፖርቶ መጋላ ላይ ከወጣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ መኪናውንም በየጠመዝማዛው ያንገዳግደዋል፤ ያን ሁሉ ኪሎ በጨለማ ማን ያወርደዋል? የኋላ በር ላይ ለእጅ ይመቻል፤ ማጠፊያው ግን በኮረኮንች ይላላል። ጭነት ሥር ከተቀበረ ደግሞ ሽንኩርቱ ካልወረደ አይገኝም። እኔን ብትጠይቁኝ፣ የትም ይሁን፣ በወር አንድ ጊዜ የሚወርድበትና ነፋሱ የሚለካበት ቦታ ጥሩ ቦታ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠውን ምክር የሰጠኝ ግን አንድ አዛውንት ሾፌር ነው። «አምስት ግዛ» አለኝ፤ «አምስቱንም በተራ አሠራ። ሥራ የማያውቅ ጎማ በክፉ ቀን ሥራ አይጀምርም።» ይህን ስሰማ ትዝ ያለኝ ጎማ ብቻ አይደለም። አለቃው ሲታመም ማኅተሙ የት እንዳለ የማያውቀው ምክትል፣ መብራት ሲጠፋ ናፍጣ የሌለው የጤና ጣቢያ ጄኔሬተር፣ «ተተኪ» ተብሎ ክፍል ገብቶ የማያውቀው መምህር፤ ሁሉም በቅጹ ላይ «1» ተብለው ተፈርሞባቸዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ዛሬ ማታ መኪናችሁን ስታቆሙ አንዴ ጎንበስ ብላችሁ ከሥር እዩ። ቁልፉም ከማን ጋር እንዳለ ጠይቁ።