ጆሮ የሚያየው ነገር

ዓይን የሚያየው ፊት ለፊቱን ነው፤ ጆሮ ግን ከኋላም ከጎንም ያለውን ሳይዞር ያውቃል። ከቀኝ የተነሣ ድምፅ ቀኝ ጆሮን ቀድሞ፣ ግራውን ዘግይቶ ይደርሰዋል፤ ልዩነቱ ከሴኮንድ አንድ ሺሕኛ ያነሰ ቢሆንም፣ አእምሮ ይህን ለክቶ ድምፁ ከወዴት እንደ መጣ ይፈርዳል። የሰው ልጅ በቤቱ የዙሪያ ድምፅ ሊያደራጅ የቻለው ይህን የተፈጥሮ ጥበብ ተከትሎ ነው።

ለእኔ ነገሩ የቅንጦት ወሬ ሆኖ አልቀረም። ታናሽ ወንድሜ የዓይኑ ብርሃን እየደከመ ከሄደ ወዲህ፣ ይወደው የነበረውን ጌም ለጓደኞቹ ትቶ ከጥግ ተቀምጦ ማዳመጥ ጀምሮ ነበር። ሲሥቁ ይሥቃል፤ ለምን እንደ ሣቁ ግን በኋላ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ዘ ላስት ኦቭ አስ ክፍል ሁለት» ማየት የተሳናቸው ሰዎች በድምፅ ምልክት እየተመሩ እንዲጫወቱት ሆኖ መሠራቱን ባወቅሁ ጊዜ፣ ከመምህርነት ደመወዜ ባጠራቀምሁት ገንዘብ ያገለገለ ባለ 5.1 የድምፅ ማጉያ ገዛሁለት።

አምስት ሲባል አምስት ማጉያዎች ናቸው፤ «ነጥብ አንድ» የተባለው ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣው ሰብዉፈር ነው። በብዙ ቤት አምስቱም እንደ ጌጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ተደርድረው አያለሁ፤ እንዲህ ከሆነማ ገንዘቡ ለምን ወጣ? ትክክለኛው አቀማመጥ ይህ ነው፦ አንዱ ከተጫዋቹ ፊት ለፊት፤ ሁለቱ ከእርሱ 30 ዲግሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፤ የቀሩት ሁለቱ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ፣ ማለት ከጆሮ ጥቂት ወደ ኋላ አለፍ ብለው። ርቀታቸው እኩል ቢሆን መልካም ነው። ክፍሉ ጠቦ ካልተቻለ፣ የእያንዳንዱን ርቀት በሜትር ለክቶ በማጉያው ላይ መሙላት ይገባል፤ ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሺሕኛ ሴኮንድ ያህል ስለሚፈጅ፣ መሣሪያው የቅርቡን አዘግይቶ ያስተካክለዋል። የጌሙ መሣሪያም ድምፁን በ5.1 እንዲልክ መምረጥ አይረሳ። ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ እየወረወረ አቅጣጫውን ስለሚያደናግር፣ እኛ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ጨመርን።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስለ ሆነ ጎረቤትንም ማሰብ ነበረብን። ወፍራም ድምፅ ግድግዳና ወለል ዘልቆ ያልፋል፤ ከታች ደግሞ ሕፃን የያዘች እናት አለች። ስለዚህ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ሰብዉፈሩ ይጠፋል። ወንድሜም አልከፋውም፤ አቅጣጫ የሚነግሩት አምስቱ ናቸውና።

ድምፁን ከልክ በላይ እንዳያሳድግ ግን አጥብቄ እነግረዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት ያልበለጠ 80 ዴሲቤል በቂ ነው ይላል፤ ለእርሱ ጆሮው ዓይኑም ስለ ሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው።

አሁን ጓደኞቹ ሲመጡ መቆጣጠሪያውን የሚይዘው እርሱ ነው። «ከኋላ፣ በግራ በኩል!» ብሎ ጠላቱን ቀድሞ ሲያገኘው፣ የሚያዩት ልጆች ከየት እንደ ሰማው ይጠይቁታል። እንግዲህ ወጣት አንባቢዎች፣ ለቤታችሁ ዕቃ ስትገዙ የዋጋውንና የጉልበቱን ነገር ብቻ አትመርምሩ፤ ከጥግ የተቀመጠውን ሰው ወደ መካከል ያመጣው እንደ ሆነም ጠይቁ።