የስፌት ቤት ዕቃ ልንገዛ ሄደን

እኛ አራት ነን። በአንድ የመኝታ ክፍል የምናድር፣ በአንድ ሳሙና የምንታጠብ፣ ወሩ ሲያልቅ አንዲት ሳምቡሳ ለአራት የምንካፈል የስድስት ኪሎ ተማሪዎች። ከአራታችን የአንዳችን እናት ከሽሮ ሜዳ ወረድ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፋሉ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን፤ ልጃቸውም እንደኛው እትዬ ነው የሚላቸው።

ባለፈው ዓመት የትምህርት ክፍላችን ልጆች ለባህል ቀን የለበሱትን 31 ልብስ የሰፉት እርሳቸው ናቸው። ግማሹን በዱቤ፣ ሩቡን በምርቃት። ዱቤውን እንደ ምንም ከፍለን ስናበቃ ከመካከላችን አንዱ፣ «ምርቃቱንስ ማን ይክፈል?» አለ። እውነቱን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ 400 ብር አዋጣና 12,400 ብር ተሰበሰበ። ለእትዬ የስፌት ክፍላቸውን ዕቃ እንግዛላቸው ተባለ። አራታችን ተወከልን።

ምን እንደሚያስፈልጋቸው ለማወቅ መመራመር አያሻም ነበር። የልብስ መኪናቸው ከእናታቸው የወረሱት ባለ ፔዳል ሲንጀር ነው። አይዛክ ሲንገር በአሜሪካ የመኪናውን ፓተንት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ኩባንያው ጥቂት ዓመት ቆይቶ መኪናውን በየወሩ በሚከፈል ገንዘብ መሸጥ ጀመረና ድኻውም ቤት ሊገባ ቻለ። ዱቤ የጀመረው በእኛ ዘመን አይደለም ማለት ነው! መኪናው የራሱ እግርና የራሱ ጠረጴዛ ስላለው ዛሬም ያለ አንዳች እክል ይሠራል። ችግሩ ከመኪናው በፊት ያለው ሥራ ነው። እትዬ ጨርቅ የሚቆርጡት መሬት ላይ ነው። የታጠፈ ጆንያ ከጉልበታቸው ሥር አድርገው፣ ጨርቁን በላስቲክ ምንጣፉ ላይ ዘርግተው፣ በጠመኔ አስምረው ይቆርጣሉ። ሲነሱ አንድ እጃቸው ግድግዳውን፣ ሌላው ወገባቸውን ይይዛል። ጤና ጣቢያ ያየቻቸው ሐኪም፣ «እማማ፣ ወለል ላይ መቁረጥ ይተዉ» ብላቸው፣ «ታዲያ የት ልቁረጠው? አየር ላይ?» አሏት። ይህን ሲያወሩልን ስቀን ነበር። አሁን ስናስበው የሚያስቅ አይደለም።

መርካቶ መሄድ እንችል ነበር። ግን የእኛ ነገር! የተማረ ሰው ስጦታ ከካርቶን ውስጥ ነው መውጣት ያለበት ብለን፣ መስታወት በመስታወት ወደ ሆነ ወደ አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር ለመሄድ ወሰንን። ስሙን አንጠቅስም፤ ጥፋቱ የመደብሩ ብቻ አይደለምና። ቅዳሜ ጧት እትዬን ይዘን ሄድን። ነጭ ነጠላ ለብሰዋል፤ ሜትራቸው ከአንገታቸው አልወረደም። ልጃቸው ታክሲው ውስጥ፣ «እትዬ፣ ሜትሩን ቦርሳ ውስጥ ብታደርጊው» ሲል ሰምተናል። እኛም በልባችን ከእርሱ ጋር ተስማምተናል።

እንደገባን ዓይናችን ፈዘዘ። ሰው ያልተኛበት አልጋ፣ ጭስ የማያውቅ ኩሽና፣ መጽሐፍ መሳይ ባዶ ካርቶን የተደረደረበት የመጻሕፍት መደርደሪያ። (እኛ መጽሐፍ አለን፣ መደርደሪያ የለንም። እነርሱ መደርደሪያ አላቸው፣ መጽሐፍ የላቸውም።) የስፌት ክፍል ዕቃ የቱ ጋ እንደሆነ አንዷን ሻጭ ጠየቅናት። ልጅቱ በእኛው ዕድሜ ያለች ናት።

«ሳሎን አለ፣ መኝታ አለ፣ ኩሽና አለ፣ ቢሮ አለ፣ የሕፃናትም አለ። የስፌት? እሱ የለም።»

እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ ከተማ ስንት እናት በአንዲት ክፍል ውስጥ እየሰፋች ልጅ ታስተምራለች? መደብሩ ውስጥ ግን ያቺ ክፍል የለችም። ሰው ሲያርፍ፣ ሲበላ፣ ሲተኛና ሲጽፍ ዕቃ ተሠርቶለታል። ቤት ውስጥ ሆኖ ለእንጀራው ሲሠራ ግን አልታሰበለትም።

«ቢሮውን እንይ» ብለን ወጣን። ነጭ፣ የሚያብለጨልጭ ጠረጴዛ አገኘን። ዋጋው 27,000 ብር። እትዬ ዋጋውን አላዩም። ሜትራቸውን ከአንገታቸው መዘዝ አድርገው ከወለሉ እስከ ላይ ለኩ፤ 75 ሳንቲ ሜትር። ጎንበስ ብለው ከሥሩ ያለውን እንጨት በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ። በዚህ ጊዜ ልጅቱ መጣች።

«እናትዬ፣ ዕቃ አይነካም።» ቀጥሎም ወደ እኛ ዞር ብላ፣ «ከእናንተ ጋር ናቸው?»

አራታችንም ዝም አልን። ረጅም አልነበረም፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ግን ዝም አልን፤ የልጃቸውም ድምፅ አልተሰማም። መልሱን የሰጡት እትዬ ናቸው። «ኧረ የለም ልጄ፣ እኔ እንዲያው ለማየት ነው የገባሁት» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ከእኛ ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ቆሙ። እንዳናፍር ብለው ነው የራቁት። ወገኖቻችን፣ እኛ ለእርሳቸው ጠረጴዛ ልንገዛ ሄደን፣ እርሳቸው ለእኛ ክብር ገዝተውልን ወጡ።

መንገድ ላይ ማንም አልተናገረም። ታክሲ ስንጠብቅ ዝምታውን የሰበሩት ራሳቸው ናቸው። «ጠረጴዛው ቆንጆ ነው። ግን ተቀምጦ ለሚጽፍ ነው የተሠራው። እኔ ቆሜ ብቆርጥበት ቀኑን ሙሉ እንደ ሰገድኩ ነው የምውለው። ደግሞ እንጨት አይደለም፣ የተጣበቀ ብናኝ ነው። ክረምት ጣራዬ ሲያፈስ እንደ ዳቦ ያብጣል።» ቺፑድ ማለታቸው ነው። ውሃ ሲነካው እንደሚያብጥ ለማወቅ ከእኛ አንዱ እንኳ ጫር አድርጎ አላየውም። ልንገዛላቸው ስንነሳም ወገብዎ እስከ የት ነው፣ ክርንዎ እስከ የት ነው ብሎ የጠየቃቸው የለም።

በማግሥቱ እትዬ ራሳቸው ወደሚያውቋቸው ሽማግሌ አናጢ ወሰዱን። አናጢው ዋጋ ከመናገራቸው በፊት፣ «እስቲ ቀጥ ብለሽ ቁሚና ክርንሽን እጠፊው» አሏቸው። ከመሬት እስከ ክርን 102 ሳንቲ ሜትር ሆነ። አሥር ቀነሱለት፤ የመቁረጫው ቁመት 92 እንዲሆን ተወሰነ። ወርዱ 1 ሜትር ከ10፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ80፤ ላዩ ኮምፖርሳቶ፣ እግሩ ባሕር ዛፍ።

«በዚያች ጠባብ በር እንዴት ይገባል?» ብለን ተጨነቅን። አናጢው ሳቁ። «እግሩ በቡሎን ይፈታል፤ ውስጥ ገብታችሁ ታስሩታላችሁ።» በካርቶን የሚታሸግ የቤት ዕቃ የተስፋፋው በዚሁ ዘዴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የስዊድኑ የኢኬአ ሠራተኛ አንድ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ቢለው እግሩን ነቀለው፤ ኩባንያውም ሐሳቡን ይዞ ዓለምን አዳረሰበት። የእኛ አናጢ ይህን ታሪክ አልሰሙም፤ ጠባብ በር ግን ያውቃሉ።

ጠረጴዛው 8,800 ብር፣ የጨርቅና የክር መደርደሪያ 2,400፣ በግራ በኩል የሚቆም መብራት 700። ለተሸካሚ ከፍለን ያዋጣነው ገንዘብ አለቀ። ቡሎኑን ያሰርነው እኛ ነን፤ አንዱን እግር ገልብጠን አስረን እንደገና ፈትተነዋል።

ባለፈው ሳምንት ሄድን። እትዬ ቆመው ሦስት ሜትር ጨርቅ እየቆረጡ ነበር። ጆንያው ከወለሉ ተነሥቶ በር ላይ የእግር መጥረጊያ ሆኗል። እኛ በሩ አጠገብ እንደ እንግዳ ቆመን ስናይ ቀና አሉና፣ «ምን ትፈራላችሁ፣ ግቡና ንኩት እንጂ! የኔ ዕቃ ይነካል» አሉን። እየሳቁ ነው ያሉት። እኛ ግን መሬት መሬት አየን።

ይቅርታ እስካሁን አልጠየቅናቸውም። ቡና ጠጥተን፣ ተመርቀን ተመለስን። ይህ መጽሔት ሲወጣ ልጃቸው አንድ ቅጂ ይወስድላቸዋል። እትዬ ማንበብ ይችላሉ፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ ከአዲሱ መብራት ሥር፣ ቀስ ብለው ያነቡታል። እትዬ፣ አዎ፣ ከእኛ ጋር ነበሩ። ያን ቅዳሜ ለልጅቱ ልንላት የሚገባን ይህንኑ ነበር።