ከአራተኛ ፎቅ የሚመጣ ጥያቄ

አገራችን ውስጥ የጡረተኞች መንደር ብሎ የገነባ ሰው አላውቅም። ሳናስበው ግን እየተፈጠረ ነው። በ1996 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቦሌ ገርጂ ላይ ተሞክሮ ወደ ክልል ከተሞች የወረደው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም እስከ 20 ዓመት የሚከፈል የባንክ ብድር ነበረው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ዕጣ የወጣለት የ40 ዓመት መምህር ዕዳውን ሲጨርስ 60 ይሞላዋል፤ ከሥራም የሚሰናበተው በዚያው ዓመት ነው። የደብረ ማርቆስን ኮንዶሚኒየሞች እስቲ በዚህ ዓይን እዩዋቸው።

ሕንጻዎቹ ሲነደፉ ወጪ ለመቆጠብ አሳንሰር ቀረ። ምድር ቤቱ ደግሞ በብዙ ቦታ ሱቅ ሆኖ በጨረታ ተሸጠ፤ ገቢው የመኖሪያ ቤቶቹን ዋጋ እንዲደጉም ታስቦ ነው። የሒሳቡ ዓላማ ደግ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ጉልበት የማይፈትነው ወለል ለሱቅ ሄደና ደረጃው ለሰው ቀረ። ውኃ በጠፋ ቀን ጀሪካን ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት በ70 ዓመት ምን እንደሆነ አስቡት። ማርቆስ ብርዷ ይታወቃል፤ ጠዋት ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ ለሽማግሌ ግማሽ መድኃኒቱ ነው። ደረጃውን የፈሩ እናት ግን ቀኑን በአልጋቸው ጠርዝ ይውላሉ።

ከሁሉም የሚቆረቁረኝ የኮሙናሉ ነገር ነው። በዲዛይኑ ውስጥ ሕዝቡን የሚያውቅ ሰው እጅ እንዳለበት የሚያሳየው እሱ ነበር። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለቅሶና ድግስ የሚሰበሰብበት የጋራ ቤት ነው። እሱ ተከራይቶ መጋዘን ሲሆን ወጣቱ ላይታወቀው ይችላል። ሽማግሌው ግን ዕድርተኛ የት እንደሚቀመጥ ወዲያው ይጠይቃል። ሲጠይቅ ደግሞ «አባ፣ ቤት ማግኘትዎን ያመስግኑ እንጂ» ይባላል።

ይህ መልስ አይደለም። ቤቱን ከፍለውበታል። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ባለቤቶቹ ማኅበር እንዲኖራቸው ያዛል፤ ደረጃው፣ ግቢው፣ ኮሙናሉ የሁሉም የጋራ ንብረት ነው። የሕንጻ አዋጁ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ብቻ ሳይሆን፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚያቅታቸውም መግቢያ እንዲኖራቸው ደነገገ። ታዲያ ያቺ ደረጃ የሚያቅታት ሴት ባንክ ቤት ስትገባ ታስቦላት፣ የገዛ ቤቷ ስትገባ የምትረሳው ለምንድን ነው?

እንዲያውም ደብረ ማርቆስ ባለችበት በጎጃም «ለምን?» ማለት አዲስ ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ መሬቴ ሊለካና ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ እምቢ አለ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ያን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ናቸው ዛሬ ስለ ደረጃ መደገፊያ ሲጠይቁ ነገረኛ የሚባሉት።

ባሕር ማዶም የሚጠይቁ ጡረተኞች አሉ፤ አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ዘ ቪሌጅስ የሚባል ግዙፍ የጡረተኞች ከተማ አለ። ነዋሪዎቹ የጋራ መገልገያዎቻችን ወደፊት በምን ገንዘብ ይጠገናሉ ብለው አልሚውን ፍርድ ቤት ገተሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ስምምነት ተቋጨ። የጠየቁት እነዚያው ጡረተኞች ናቸው። ውለታ ቢሶች ያላቸው ካለ ስምምነቱ መልሶለታል።

እናት አባቶቻችሁ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ልጆች፣ በሚቀጥለው የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ አብራችኋቸው ግቡ። የኮሙናሉን የኪራይ ውል አስነብቡ፤ ገንዘቡ የት እንደገባ ጠይቁ፤ ከዚያው ገንዘብ የደረጃ መደገፊያና ግቢው ውስጥ ፀሐይ የሚያገኝ አግዳሚ ወንበር እንዲሠራ በቃለ ጉባኤ አስይዙ። አዲስ ቤት በማኅበርም ሆነ ከሪል ስቴት ልትገዙ ያሰባችሁም፣ ከመፈረማችሁ በፊት ፕላኑን ዘርግታችሁ ምድር ቤቱ ለማን እንደተመደበ እዩ።